የውሃው ንጽሕና ከጉርሻው ይጀምራል

በጃፓን የሩዝ ማሳዎች፣ በኩሬዎችና ዝግ ብለው በሚፈሱ ጅረቶች ውስጥ አንድ ትንሽ እንስሳ ይኖራል። ጀርባው ጥቁር ቡናማ ነው፤ ሆዱ ግን ደማቅ ቀይ ሆኖ ጥቁር ነጠብጣብ ጣል ጣል ብሎበታል። ርዝመቱ ከ8 እስከ 13 ሴንቲ ሜትር ቢደርስ ነው። አራት እግርና ረጅም ጅራት ስላለው መጀመሪያ ያየው ሰው እንሽላሊት ይመስለዋል። ነገር ግን ቅርፊት የለውም፤ ቆዳው ለስላሳና እርጥብ ነው፤ ዝምድናውም ከእንቁራሪት ጋር ነው። ይህ እንስሳ ቀይ ሆዱ የጃፓን ኒውት ይባላል። በብዙ አገሮች በቤት ውስጥ አኳሪየም ከሚያድጉት ኒውቶች መካከልም በስፋት ከሚታወቁት አንዱ ነው።

ኢትዮጵያ በእንቁራሪት ዝርያዎች የታደለች አገር ናት። ኒውትና ሌሎች ሳላማንደሮች ግን በተፈጥሮ አይኖሩባትም፤ በአፍሪካ የሚገኙት በሰሜኑ ጫፍ፣ በሞሮኮ፣ በአልጄሪያና በቱኒዚያ ብቻ ነው። ስለዚህ አማርኛ ተናጋሪ ቤተሰብ ከኒውት ጋር የሚተዋወቀው አብዛኛውን ጊዜ በውጭ አገር ነው፤ ልጅ በትምህርት ቤት ወይም በጓደኛው ቤት አይቶ «እኛም እናሳድግ» ሲል። ጥያቄው መልካም ነው። ጸጥ ያለ፣ ብዙ ቦታ የማይፈልግ፣ ተፈጥሮን በቅርብ የሚያስተምር እንስሳ ነው። ነገር ግን በጥሩ ሁኔታ ከተያዘ ከ20 ዓመት በላይ ሊኖር ይችላልና፣ «እሺ» ከማለት በፊት አያያዙን ማወቅ ያስፈልጋል።

የኒውት አካል አስደናቂ ጥንካሬ አለው። የተቆረጠ እግሩ መልሶ ይበቅላል፤ ጅራቱም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ተመራማሪዎች የእነዚህኑ የጃፓን ኒውቶች የዓይን ሌንስ በ16 ዓመት ውስጥ 18 ጊዜ ቢያወጡትም፣ ሌንሱ በየጊዜው እንደ አዲስ ተሠርቶ ተገኝቷል። ይህን የሚችል እንስሳ ግን በቆሸሸ ውሃ ውስጥ በጥቂት ቀናት ሊሞት ይችላል። ምክንያቱ ቆዳው ነው። ኒውት በሳንባው ቢተነፍስም፣ ብዙ ኦክስጅን የሚያገኘው በቆዳው አማካይነት ነው። ቆዳው ለኦክስጅን ክፍት እንደሆነ ሁሉ በውሃው ውስጥ ለሟሟ መርዝም ክፍት ነው።

በውሃው ውስጥ ያለው መርዝ ደግሞ በአብዛኛው የሚመጣው ከምግቡ ነው። የተበላው ዓይነ ምድርና ፈሳሽ ቆሻሻ ይሆናል፤ ያልተበላው ይበሰብሳል። ስለዚህ ኒውትን መመገብና ገንዳውን ማጽዳት ሁለት ሥራ ቢመስሉም አንድ ናቸው። በልክ የሚመግብ ሰው የጽዳቱን ግማሽ ጨርሷል፤ ያለ ልክ የሚመግብ ሰው ደግሞ ቢያጸዳ ቢያጸዳ አይደርስበትም።

ምን ይብላ?

ኒውት ሥጋ በል ነው። በተፈጥሮ መኖሪያው ትላትል፣ የነፍሳት እጭ፣ ትንንሽ ቀንድ አውጣና የእንቁራሪት እጭ እያደነ ይበላል። አያኝክም፤ ትንንሽ ጥርሶቹ የያዙትን እንዳያመልጥ ለማቆየት ብቻ የተሠሩ ናቸው። አፉን በድንገት ሲከፍት ውሃው የሚታደነውን ይዞ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ እንዳለ ይውጠዋል። በዚህ ምክንያት የሚሰጠው ቁራሽ ከራሱ ጭንቅላት ስፋት መብለጥ የለበትም።

ለአዋቂ ኒውት ከሁሉ የሚሻለው የመሬት ትል ነው። ፕሮቲኑ በቂ ነው፤ ስቡ ትንሽ ነው፤ ለብቻው እንኳ ዋና ምግብ መሆን ይችላል። ትሉ ግን ጸረ ተባይ መድኃኒት ወይም ማዳበሪያ ካልነካው አፈር የተገኘ መሆን አለበት። ከተገኘ በኋላ በንጹሕ ውሃ ይለቅለቅ፤ ከዚያም በእርጥብ ወረቀት ላይ አንድ ቀን ቢቆይ በሆዱ ያለውን አፈር ያስወግዳል። ትልቅ ከሆነ በመቀስ ይቆረጣል። በኮምፖስት ክምር ውስጥ የሚራባው፣ ሰውነቱ ቀለበት ቀለበት የሆነው ቀይ ትል ግን ሲነካ መጥፎ ሽታ ያለው ቢጫ ፈሳሽ ስለሚያወጣ፣ ብዙ ኒውቶች አፋቸው ካስገቡት በኋላ ይተፉታል።

በሁለተኛ ደረጃ የሚመጣው በእንስሳት መሸጫ ሱቆች ብላድወርም ተብሎ በረዶ ሆኖ የሚሸጠው ቀይ እጭ ነው። ይህ የማትናከስ ትንኝ እጭ ነው፤ ኒውቶች በጣም ይወዱታል። ሲሰጥ በረዶውን እንዳለ ወደ ገንዳው መጣል አይገባም። በስኒ ውሃ ውስጥ ይሟሟ፤ ቀዩ ፈሳሽ ይደፋ፤ እጩ ብቻ ይሰጥ። የሚደፋው ፈሳሽ ኒውቱን አይመግብም፤ ውሃውን ግን በፍጥነት ያበላሻል። ዳፍኒያና አርቴሚያ የተባሉት ትንንሽ የውሃ እንስሳትም ለለውጥ ጥሩ ናቸው። ወደ ታች የሚሰጥሙ፣ ለሥጋ በል የውሃ እንስሳት የተዘጋጁ እንክብሎችን የሚለምዱ ኒውቶችም አሉ።

የማይሰጡትንም እንይ። የበሬና የዶሮ ሥጋ ለኒውት ሆድ አልተፈጠረም፤ ስቡም ይበዛበታል። ዳቦና የቤት ትራፊ ከነጭራሹ አይሰጥም። ለዓሣ የሚሸጠው ስስ ቅርፍርፍ ምግብ በውሃው ላይ ተንሳፍፎ ይበታተናል፤ ኒውቱ ሳይደርስበት ውሃውን ያደፈርሳል።

ከእንቁላል የወጡ እጮች ደግሞ የተለየ አመጋገብ አላቸው። በአንገታቸው ግራና ቀኝ ላባ የመሰለ መተንፈሻ ስንጥብ አላቸው፤ የሚበሉትም የሚንቀሳቀስ ነገር ብቻ ነው። የሞተ ምግብ ከፊታቸው ቢቀመጥም አያዩትም። ስለዚህ በጨው ውሃ ውስጥ በ1 ወይም በ2 ቀን የሚፈለፈሉ የአርቴሚያ ጫጩቶች ወይም ትንንሽ ሕያው ዳፍኒያ በየቀኑ ይሰጣቸዋል። አዋቂዎቹ እንቁላሉንም እጩንም ስለሚበሉ፣ እናት በእጽዋት ቅጠል ጠቅልላ የጣለችው እንቁላል ወደ ሌላ ዕቃ መዛወር አለበት።

ስንት ጊዜ፣ ምን ያህል?

አዋቂ ኒውት በሳምንት 2 ወይም 3 ጊዜ ቢበላ ይበቃዋል። ሰውነቱ የሚሞቀው በራሱ ኃይል ስላልሆነ እንደ ድመት ወይም እንደ ውሻ በየቀኑ መብላት አያስፈልገውም። መጠኑም በ10 ወይም በ15 ደቂቃ ውስጥ በልቶ የሚጨርሰው ያህል ይሁን። ከጊዜ በኋላ ኒውቱ የሚመግበውን ሰው ይለምዳል፤ ሰው ሲቀርብ ወደ መስታወቱ እየመጣ ይጠብቃል። ይህ ሁልጊዜ ርቦታል ማለት አይደለም። ከጎን ሲታይ ሆዱ በመጠኑ የሞላ፣ ከላይ ሲታይ ደግሞ ወገቡ ከጭንቅላቱ ብዙም ያልሰፋ ኒውት በቂ እየበላ ነው።

ምግቡን በገንዳው ውስጥ መበተን ትክክል አይደለም። ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ጫፉ ባልሾለ የፕላስቲክ ወረንጦ ይዞ ለእያንዳንዱ ኒውት ከአፉ ፊት ለፊት በቀስታ ማቅረብ ነው። ይህ መንገድ ማን እንደበላና ማን እንዳልበላ ያሳውቃል፤ ዓይን አፋሩም ጦሙን አያድርም። ሁለተኛው ትንሽ የመስታወት ሳህን ከገንዳው ሥር አስቀምጦ ሁልጊዜ እዚያው ማቅረብ ነው። ኒውት አሽትቶ ስለሚያገኝ ቦታውን ቶሎ ይማራል። ብዙ ሆነው ሲበሉ የምግቡ ሽታ ስለሚያነሣሣቸው አንዱ የሌላውን እግር በስሕተት ሊነክስ ይችላል፤ ስለዚህ ተራርቀው እንዲበሉ ማድረግ ይሻላል።

ከምግቡ 1 ሰዓት ያህል በኋላ የተረፈው ሁሉ ይወጣል። ይህ ቀላል ልማድ ከማንኛውም ውድ ማጣሪያ ይበልጣል። ባለቤቱ ለአንድ ሳምንት ከቤት ቢለይ ጤነኛ አዋቂ ኒውት ሳይበላ ቢቆይ አይጎዳም። ልምድ የሌለው ጎረቤት አዝኖ ብዙ ከሚያበላው፣ ባይበላ ይሻለዋል። አዲስ የመጣ ኒውትም ለጥቂት ቀናት ምግብ ቢተው አያስደነግጥ፤ ቦታውን እስኪለምድ ነው። ኒውት ቆዳውን ገፍፎ ሲበላ ቢታይም ጤናማ ልማዱ ነው።

የማይታየው ቆሻሻ

ጥርት ያለ ውሃ ሁሉ ንጹሕ አይደለም። ኒውት የበላው ፕሮቲን በሰውነቱ ውስጥ ሲፈጭ አሞኒያ ይወጣል፤ የሚበሰብስ ምግብም አሞኒያ ያመነጫል። አሞኒያ በውሃ ውስጥ ሲሟሟ አይታይም፤ በትንሽ መጠን አይሸትም፤ ግን ቆዳን ያቃጥላል። ውሃው በሞቀ ቁጥር፣ ወደ አልካሊነት ባዘነበለም ቁጥር መርዛማነቱ ይጨምራል።

ይህን መርዝ የሚያስወግዱልን በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ናቸው። አንዱ ቡድን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጣል። ናይትራይትም መርዝ ነው፤ ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። ሌላው ቡድን ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል። ናይትሬት ከሁለቱ በጣም የቀለለ ነው፤ የውሃ እጽዋት ይመገቡታል፣ የቀረውን ደግሞ ውሃ በመቀየር እናወጣዋለን። ባክቴሪያዎቹ በብዛት የሚኖሩት በውሃው ውስጥ አይደለም፤ በማጣሪያው ስፖንጅ፣ በአሸዋው፣ በድንጋዩና በእጽዋቱ ላይ ተጣብቀው ነው።

እንጀራ የሚጋገርበት ቤት ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ሊጡ ካለቀ በኋላ እርሾው ይተርፋል እንጂ ቡሃቃው ተፈግፍጎ አይታጠብም፤ እርሾው ከጠፋ የሚቀጥለው ሊጥ አይነሣም። የማጣሪያው ስፖንጅ የገንዳው እርሾ ነው። ብዙ ጀማሪዎች በቅን ልቦና ገንዳውን በሙሉ ባዶ አድርገው፣ ድንጋዩንና ስፖንጁን በቧንቧ ውሃ ፈትገው መልሰው ይሞላሉ። ገንዳው ያንጸባርቃል፤ ባክቴሪያዎቹ ግን በቧንቧው ክሎሪን አልቀዋል። በሚቀጥሉት ቀናት አሞኒያው ይከማቻል፤ ኒውቱም በጸዳው ገንዳ ውስጥ ይታመማል።

የሳምንቱ ሥራ

ትክክለኛው ጽዳት ጥቂት በጥቂት፣ ሳይቋረጥ የሚሠራ ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ ከውሃው ከ20 እስከ 25 በመቶ ይቀየራል። ገንዳው 40 ሊትር ከሆነ ይህ ከ8 እስከ 10 ሊትር፣ ማለትም አንድ ባልዲ ውሃ ነው። በቀጭን የጎማ ቱቦ ከገንዳው ሥር ያለውን ዓይነ ምድርና ዝቃጭ እየሳቡ ማውጣት ውሃ መቀየሩንና መጥረጉን በአንድ ጊዜ ይፈጽማል። ባልዲውም ቱቦውም ለዚህ ሥራ ብቻ የተለዩ፣ ሳሙናና በረኪና ነክቷቸው የማያውቅ መሆን አለባቸው።

የሚጨመረው ውሃ ሁለት ነገር ያሟላ። አንደኛ፣ ሙቀቱ ከገንዳው ጋር ይቀራረብ። ሁለተኛ፣ ክሎሪን አይኑርበት። በቧንቧ ውሃ ውስጥ ያለው ተራ ክሎሪን ውሃው ክፍት ሆኖ ለ24 ሰዓት ሲቀመጥ በንኖ ይወጣል። በብዙ የአሜሪካ ከተሞች ግን በክሎሪን ፈንታ ክሎራሚን ይጨመራል፤ ክሎራሚን በማሳደር አይወጣም። ስለዚህ ለአኳሪየም የሚሸጠውን የክሎሪን ማርከሻ በመመሪያው መጠን መጨመር አስተማማኙ መንገድ ነው።

ስፖንጁ የሚታጠበው ሲደፈንና የውሃው ፍሰት ሲቀንስ ብቻ ነው። የሚታጠበውም ከገንዳው በተቀዳው ውሃ ውስጥ ሁለት ሦስቴ ጨመቅ ጨመቅ ተደርጎ ነው። ቡናማ ሆኖ ቢቀር ጥሩ ነው፤ ሕይወት አለበት። ለኒውት የሚስማማው በአየር ፓምፕ የሚሠራ የስፖንጅ ማጣሪያ ነው። ጃፓናዊው ኒውት ዝግ ባለ ውሃ የሚኖር ስለሆነ ኃይለኛ ፍሰት ያደክመዋል።

በትነት የጎደለውን ውሃ መሙላት ከመቀየር ጋር አንድ አይደለም። የሚተነው ንጹሕ ውሃ ነው፤ ናይትሬቱ ከኋላው ይቀራል። ውሃው ምን ላይ እንዳለ በጠብታ የሚሠራ መመርመሪያ ይነግርዎታል። አሞኒያና ናይትራይት ሁልጊዜ 0 መሆን አለባቸው፤ ናይትሬት በሊትር ከ20 ሚሊ ግራም በታች ቢሆን ይመረጣል። አሞኒያ ወይም ናይትራይት ከታየ መድኃኒቱ በዚያው ቀን ውሃ መቀየር፣ ለጥቂት ቀናት ምግብ መቀነስና የተደበቀ ብስባሽ መፈለግ ነው።

የገንዳው አሠራርም ጽዳቱን ያቀላል። ወለሉ ባዶ ወይም ደቃቅ አሸዋ ቢሆን ቆሻሻው ይታያል። ጠጠር ግን በመካከሉ ምግብ ይደብቃል፤ ኒውቱም ከምግብ ጋር ሊውጠው ይችላል። ጃቫ ሞስና ኤሎዲያ የተባሉት የውሃ እጽዋት መጠለያ ይሆናሉ፤ ናይትሬትም ይቀንሳሉ። በመስታወቱ ላይ የሚወጣው አረንጓዴ አልጌ ኒውቱን አይጎዳም፤ ከበዛ ገንዳው ብዙ ብርሃን ወይም ብዙ ምግብ እያገኘ ነው። በውሃው ላይ የምትንሳፈፍ የቡሽ ቁራጭም ማረፊያ ትሁን። ክዳኑ በደንብ ይገጠም፤ ኒውት በእርጥብ መስታወት ላይ ሽቅብ መውጣት ይችላል።

ሙቀትና የሕመም ምልክት

ለዚህ ኒውት ተስማሚው ውሃ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ከ24 ዲግሪ በላይ ለረጅም ጊዜ ከቆየ ይጨነቃል። ሙቅ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ያነሰ ነው፤ አሞኒያውም ይከፋል፤ የተረፈ ምግብም ቶሎ ይበሰብሳል። ስለዚህ ቴርሞሜትር ያስፈልጋል፤ ማሞቂያ ግን አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም። ገንዳው ፀሐይ ከሚገባበት መስኮት ይራቅ። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሚኖር ሰው ይህ ነጥብ ከሁሉ ይቀድማል፤ በዚያ ሙቀት የውሃ ማቀዝቀዣ ሳያዘጋጁ ኒውት ማሳደግ አይቻልም።

በውሃ ውስጥ መኖር የለመደ አዋቂ ኒውት ከቡሹ ላይ አልወርድ ካለ፣ ምግብ ለረጅም ጊዜ ከተወ፣ መስጠም አቅቶት ከተንሳፈፈ፣ ሆዱ ከተነፋ፣ ወይም በቆዳው ላይ ነጭ የጥጥ መሳይ ነገር ወይም ቁስል ከታየ ታሟል። የመጀመሪያው እርምጃ መድኃኒት መግዛት አይደለም፤ ውሃውን መመርመርና ሙቀቱን መለካት ነው። ውሃው ደኅና ሆኖ ምልክቱ ከቀጠለ ስለ እንቁራሪት አስተኔ እንስሳት የሚያውቅ የእንስሳት ሐኪም ይታይ።

እጃችን፣ ልጆቻችንና ወንዞች

የጃፓን ኒውት በቆዳው ውስጥ ቴትሮዶቶክሲን የተባለ ኃይለኛ መርዝ አለው፤ በፓፈር ዓሣ ውስጥ የሚገኘው መርዝ ራሱ ነው። ደማቁ ሆዱ ለአዳኞች «አትብሉኝ» የሚል ማስጠንቀቂያ ነው። በእጅ ቢነካ ሰውን አይገድልም፤ ወደ አፍ፣ ወደ ዓይን ወይም ወደ ቁስል ግን መግባት የለበትም። ሳልሞኔላ የተባለውን ባክቴሪያም ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ ኒውት የሚታይ እንጂ የሚታቀፍ እንስሳ አይደለም። ገንዳው ውስጥ እጅ ከመክተት በፊት ሳሙናና ቅባት እንዳይቀር እጅን በውሃ በደንብ ማለቅለቅ፣ ከሥራው በኋላ ደግሞ በሳሙና መታጠብ ግዴታ ነው። ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆች አይንኩት። ዕቃውም ምግብ በሚዘጋጅበት ማድ ቤት አይታጠብ። ከዓሣም ከሌላ ዓይነት ኒውትም ጋር አንድ ገንዳ ውስጥ አይኑር፤ አንዱ ለሌላው መርዝ ወይም ሲሳይ ይሆናልና።

ከቤት ውጭም ኃላፊነት አለብን። እ.ኤ.አ. በ2013 ተመራማሪዎች በኔዘርላንድ ሳላማንደሮችን እየጨረሰ የነበረ አዲስ የቆዳ ፈንገስ ለይተው አስታወቁ። ፈንገሱ የመጣው ከእስያ ሲሆን፣ ወደ አውሮፓ የገባው በእንስሳት ንግድ እንደሆነ ይታመናል። ይህንኑ በመፍራት አሜሪካ በ2016 የጃፓኑን ኒውት ጨምሮ 20 የሳላማንደር ወገኖች ወደ አገሯ እንዳይገቡ ከለከለች። ስለዚህ ኒውት የሚገዛ ሰው የሚኖርበትን አገር ሕግ አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ከዱር ከተያዘው ይልቅ በሰው እጅ የተፈለፈለውን ይምረጥ። የሰለቸውን ኒውት ወደ ወንዝ መልቀቅ፣ የገንዳውንም ውሃ ወደ ጅረት መድፋት ፈጽሞ አይገባም። ውሃው በመጸዳጃ ቤት ይደፋ።

ከየት እንጀምር?

ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ብዙ ሐዘን ያስቀራል። መጀመሪያ ገንዳው ይገዛ፤ ለ1 ወይም ለ2 ኒውት 40 ሊትር፣ ለ3 ደግሞ 75 ሊትር ያህል። ማጣሪያው፣ አሸዋውና እጽዋቱ ይግቡ። ከዚያ እንስሳ ሳይገባ ባክቴሪያዎቹ እንዲራቡ ትንሽ የአሞኒያ ምንጭ እየተጨመረ፣ ውሃው እየተመረመረ ይጠበቅ። ይህ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ይወስዳል። የተጨመረው አሞኒያ በ1 ቀን ውስጥ ጠፍቶ፣ ናይትራይቱም 0 ሆኖ ሲገኝ ገንዳው ዝግጁ ነው። የመጨረሻው ግዢ ኒውቱ ይሁን።

እነዚህን የመጠበቂያ ሳምንታት ከልጆች ጋር ማሳለፍ ራሱ ትምህርት ነው። መመርመሪያውን ልጁ ያንጠባጥብ፤ ቁጥሩን በደብተር ይጻፍ፤ አሞኒያው ሲወርድ ናይትራይቱ ሲወጣ፣ ኋላም ናይትራይቱ ሲወርድ ናይትሬቱ ሲወጣ በራሱ ዓይን ይከታተል። በዚህ መንገድ የጀመረ ልጅ ከልክ በላይ ምግብ ለምን እንደማይሰጥ፣ ስፖንጁንም ለምን በቧንቧ እንደማያጥብ ሌላ ሰው እንዲነግረው አይጠብቅም። ለኒውት የሚያስፈልገው በሳምንት 2 ወይም 3 ጊዜ ትንሽ ምግብ፣ ትራፊውን በጊዜው ማንሣት፣ አንድ ባልዲ ውሃ መቀየርና ቴርሞሜትሩን ማየት ነው። ሥራው ትንሽ ነው፤ መቋረጥ ግን የለበትም። ይህን ለ20 ዓመት ለመቀጠል ፈቃደኛ የሆነ ቤተሰብ ኒውት ለማሳደግ ተዘጋጅቷል።